በእጅ የተጻፉ ተራሮች

መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ የኮት ኪስ ይበቃዋል። ስገልጠው ዓይኔ እንደ ልማዱ የማተሚያ ቤት ፊደል ፈለገ፤ አላገኘም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቃሉም፣ ቁጥሩም፣ የካርታው መስመርም፣ ሥዕሉም የአንድ ሰው እጅ ነው። በብዕርና በጥቁር ቀለም ተሠርቶ፣ ገጹ እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ ታትሟል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሰባት ናቸው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው የሐይቆች አገር የሚገኙ 214 ተራሮችን አንድ በአንድ ይዘዋል። የሠራቸው አልፍሬድ ዌይንራይት በሙያው ሠዓሊም ካርታ ነዳፊም አልነበረም። ኬንዳል በምትባል ትንሽ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ያዥ ነበር።

ስለ ዌይንራይት ሲወራ ቁጥር ይቀድማል፤ ስንት ተራራ ወጣ፣ ስንት መጽሐፍ ሸጠ ይባላል። እኔ ዛሬ ማየት የምፈልገው እጁን ነው። ተራራ የወጣ ሰው ብዙ ነው። ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ያየውን ነገር ሌላ ሰው በጭጋግ ውስጥ ሆኖ እንኳ በሚተማመንበት ገጽ ላይ ያሰፈረ ግን ጥቂት ነው። የዌይንራይት የእጅ ሥራ ውበቱ ከዚህ መታመን አይለይም።

የተወለደው ጃንዋሪ 17 ቀን 1907 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብላክበርን በተባለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነው። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ መጠጥ ያበዛ ነበርና ቤቱ ችግር አያጣውም። ልጁ በ13 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ ከዚያም እየሠራ ተምሮ የሒሳብ ባለሙያ ወጣው። በ1930፣ የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከአንድ ዘመዱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐይቆቹ አገር ሄደ። ኦረስት ሄድ የምትባለው ጉብታ ከፍታዋ 240 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከአናቷ ላይ ግን የዊንደርሚር ሐይቅ ከነደሴቶቹ፣ ከበስተኋላውም የተራሮቹ ሰንሰለት ወለል ብሎ ይታያል። የፋብሪካ ጭስ ሲያይ ያደገው ወጣት ልቡ እዚያ ቀረ። በ1941 ደመወዙ እንደሚቀንስ እያወቀ ወደ ኬንዳል ተዛወረ። በ1948 የከተማዋ የገንዘብ ሹም ሆነ፤ ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1967 ድረስም እዚያው ሠራ።

ኖቬምበር 9 ቀን 1952 ማታ፣ በ45 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፈ፤ ደቭ ክራግ ወደተባለው ተራራ የሚያወጣውን መንገድ። ያን ጊዜ አንባቢ አላሰበም። እግሩ የሚከዳው ቀን ሲመጣ እሳት ዳር ተቀምጦ በእነዚያ ገጾች ላይ ዳግመኛ ሊሄድ ነበር ምኞቱ። ሒሳብ ያዥ ነውና ጊዜውንም እንደ በጀት መደበው፤ ሰባት መጻሕፍት በ13 ዓመት፣ በአማካይ በማታ አንድ ገጽ።

ወደ መቶ የሚጠጉ ገጾች ከጨረሰ በኋላ ቆም ብሎ አያቸው። የጽሑፉ ግራ ጠርዝ ቀጥ ብሏል፤ ቀኙ ግን አንዱ መስመር ረዝሞ ሌላው አጥሮ የተቆራረጠ መስሏል። በእጅ የተጻፈ ነገር እንዲህ ቢሆን ማን ይወቅሰዋል? እሱ ግን መቶውንም ገጽ ጥሎ ከአንድ ጀመረ። በአዲሶቹ ገጾች ቀኙም እንደ ግራው ቀጥ አለ። በመስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት የተሰበረ ቃልም የለም።

ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ የብራና መጽሐፍ ቀርቦ ያየ የእኛ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። የግዕዝ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ወግቶ ያሰምራል፤ ዓምዱንም በግራና በቀኝ ቀጥ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ቃልን ከቃል የሚለይለት ሁለት ነጥብ ስላለው፣ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን ከመካከል ከፍሎ የቀረውን ፊደል ወደሚቀጥለው መስመር ማሻገር ይችላል። ዌይንራይት ይህን ነጻነት ለራሱ አልፈቀደም። እያንዳንዱን መስመር ሳይጀምር የሚይዘውን ፊደል በዓይኑ መዝኖ፣ አንዱን ቃል ጠበቅ፣ ሌላውን ክፍተት ሰፋ እያደረገ መሙላት ነበረበት። አጉሊ መነጽር ይዤ መስመሮቹን በጣቴ ተከትዬአለሁ። ክፍተቶቹ እኩል እንዳልሆኑ የሚታወቀው ሲለኩ ነው፤ ሲነበቡ አይታወቅም። ፊደሎቹ ትንንሽና ቀጥ ያሉ፣ አንዱ ከሌላው የማይምታቱ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የሕዝብ ገንዘብ በመዝገብ ያሰፈረ እጅ መሆኑ ይታወቃል። በመዝገብ ላይ 3 ቁጥር 8 ከመሰለች ሒሳቡ ይፋለሳል፤ በተራራ መጽሐፍ ላይ ደግሞ መንገደኛው ይሳሳታል።

እያንዳንዱ ተራራ የራሱ ምዕራፍ አለው። በገጹ ራስጌ የተራራው ስም ከቁጥሩ ጋር ይነበባል፤ ሄልቬሊን 1፣ ሄልቬሊን 2 እያለ ይቀጥላል። ግዙፉ ተራራ ብዙ ገጽ፣ ትንሹ ጥቂት ገጽ ያገኛል፤ አያያዙ ግን ለሁሉም አንድ ነው። መጀመሪያ የተራራው መልክ ይመጣል፣ ቀጥሎ የመሬቱ አፈጣጠር፣ ካርታው፣ ከየአቅጣጫው የሚያወጡት መንገዶች፣ ጫፉ፣ ከጫፉ የሚታየው አገር፣ ወደ ጎረቤት ተራራ የሚያሻግረው ሸንተረር። መጽሐፉ የእግረኛን ቅደም ተከተል ጠብቋል። መንገደኛ ተራራውን ከሩቅ ያየዋል፣ ይጠጋዋል፣ ይወጣዋል፣ አናቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያቀናል።

የካርታው ልክ ሁለት ኢንች ለአንድ ማይል ነው። የቆመ ካብና የፈረሰ ካብ ምልክታቸው ይለያያል፤ የቆመና የተሰበረ አጥርም እንዲሁ። ጥርት ብሎ የሚታየው መንገድ በአንድ ዓይነት ሰረዝ፣ አለ ሲሉት የሚጠፋው በሌላ ተሰምሯል። በጅረቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች፤ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ታመለክታለች። እነዚህን ምልክቶች ቤት ተቀምጦ ለሚያይ ሰው የትጋት ጌጥ ሊመስሉት ይችላሉ። ተራራ ላይ ጭጋግ የያዘው ሰው ግን ከእግሩ ሥር ካለው ነገር በቀር አያይም። ያን ጊዜ ያገኘው ካብ የቆመ ነው ወይስ የፈረሰ፣ የተሻገረው ውሃ ወደ ግራ ይወርዳል ወይስ ወደ ቀኝ፣ እነዚህ ወደ ቤት የሚመልሱት ጥያቄዎች ይሆናሉ። ስለ ጫፉ በሚናገረው ገጽ ላይም ዌይንራይት የድንጋይ ቁልሉን ቅርጽ ሥሎ አያበቃም። በየት በኩል መውረድ እንደሚሻል፣ ጭጋግ ከወረደ ደግሞ የትኛውን ምልክት መከተል እንደሚገባ ይጽፋል።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምደነቅበት የመውጫ መንገዶቹ ሥዕል ነው። ገጹ የሚነበበው ከግርጌ ወደ ላይ ነው። ከታች መንደሩ፣ ድልድዩ፣ የእርሻው አጥር ወፍ ከሰማይ እንደምታያቸው ተነድፈዋል፤ ይህ ካርታ ነው። መንገዱ በሰረዝ እየተከፈለ ሽቅብ ይሄዳል። ገጹ መካከል አካባቢ መሬቱ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ሸለቆው ጥላ ያገኛል፣ ገደሉ ፊቱን ወደ አንባቢው ያዞራል። ራስጌ ላይ ሲደረስ ተራራው በሙሉ ቁመናው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ካርታው ሥዕል ሆኗል። የት ላይ እንደተለወጠ ደጋግሜ ፈልጌ አላገኘሁም። የሁለቱ መጋጠሚያ ስፌቱ እንደማይታይ ጥሩ ልብስ ነው።

ይህን መንገድ የመረጠው ለማስደነቅ ብሎ አይመስለኝም። ተራ ካርታ ርቀቱን ይናገራል፤ የተራራውን መልክ ግን አያሳይም። ፎቶግራፍ መልኩን ያሳያል፤ ነገር ግን ከፊት ያለው ኮረብታ ከኋላው ያለውን መንገድ ይጋርዳል። ዌይንራይት ሁለቱ የሚጎድላቸውን አንዱን በሌላው ሞላ። በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው አድርጎ ተራራውን በአንድ ጊዜ ማየት የሚያስችል ቦታ በምድር ላይ የለም። የወጣው ሰው ግን ሲያስታውሰው ልክ እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው፤ ታችኛው መንገድ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ላይኛው ከግንባሩ በላይ ቆሞ። በጠርዙ ላይ ደግሞ ስንት ማይል እንደሆነ፣ ስንት ጫማ ሽቅብ እንደሚያስወጣ፣ ሥዕሉ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚያይ በዚያች ትንሽ ፊደል ተጽፏል። ውበቱም መረጃውም በአንድ ገጽ ሳይጣበቡ ይገኛሉ።

ቀለሙ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር። ጥላ የሚመጣው ጭረት በጭረት ላይ በመደረብ ነው። ገደሉ ከላይ ወደ ታች በወረዱ ጠንካራ ጭረቶች፣ ሣሩ በአጫጭር ጭረቶች፣ ከገደል የተንሸራተተው ጠጠር በነጥብ ይሣላል። ሰማዩን ብዙ ጊዜ ባዶ ይተወዋል። ከፊት ለፊት አልፎ አልፎ በግ ይቆማል፤ በጉ ሲታይ የተራራው ትልቅነት ይታወቃል። የዚያ አገር ካቦች ያለ ጭቃና ያለ ስሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ ዳገቱን ሳይፈሩ እስከ ሸንተረር ይወጣሉ። ዌይንራይት ቅርብ ያለውን ካብ ድንጋዩን አንድ በአንድ ይሥለዋል። ካቡ እየራቀ ሲሄድ ድንጋዮቹ ይሳሳሉ፣ በመጨረሻም አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል። ሁለተኛውን መጽሐፍ መታሰቢያ ያደረገው እነዚያን ካቦች ለካቡ ሰዎች ነው። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነውና ድንጋይ አንስቶ ቦታውን ማስያዝ ምን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ኦርድናንስ ሰርቬይ ለተባለው የብሪታንያ የካርታ መሥሪያ ቤት ሰዎች አበረከተ፤ ሦስተኛውን ለአካባቢው ውሾች፣ አራተኛውን ለበጎቹ፣ አምስተኛውን ብቻቸውን ለሚጓዙ ሰዎች፣ ስድስተኛውን ተሸክመው ላዞሩት ለገዛ ሁለት እግሮቹ። ሰባተኛው ለረዱት ሁሉ ሆነ።

ሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሄልም ክራግ የተባለ ዝቅ ያለ ተራራ አለ። የጫፉ ጫፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ዐለት ነው፤ እላዩ ለመውጣት በእጅም በእግርም መቧጠጥ ያስፈልጋል። ዌይንራይት የገጹን አንድ ማዕዘን ዐለቱን የወጣበትን ዜና ለመጻፍ ለይቶ ነበር። መውጣት አልሆነለትም። ማዕዘኑን በሥዕል ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። እሱ ግን አለመውጣቱን ጻፈበት። በእኔ ዓይን ከሰባቱ መጻሕፍት ውስጥ ከዚያች ማዕዘን የሚበልጥ የሙያ ምስክር የለም። ያልደረሰበትን አልደረስኩም የሚል ሰው፣ ደረስኩ ሲል ይታመናል።

ሥራው የተሠራበት ሁኔታ ምቹ አልነበረም። ዌይንራይት መኪና ነድቶ አያውቅም። በሰንበት ከኬንዳል አውቶቡስ ይዞ ይሄዳል፤ አውቶቡሱ ሳያመልጠው ለመመለስ ሰዓቱን እያሰላ ብቻውን ይራመዳል። ፎቶ ያነሣል፣ ማስታወሻ ይይዛል። በሳምንቱ ውስጥ ከቢሮ ሲመለስ ፎቶውን ከፊቱ አስቀምጦ በእርሳስ ይነድፋል፣ ከዚያ በቀለም ያጸናዋል። ጠዋት ደግሞ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1955 ወጣ። ገጾቹን ማንም እንዲነካበት ስላልፈለገ በራሱ ኃላፊነት አሳተመው፤ የኬንዳል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ማርሻል በአሳታሚነት ስሙን ሰጠው። በእጁ በቂ ገንዘብ አልነበረውም። አታሚው መጽሐፉ ሲሸጥ ይከፍላል ብሎ አመነው። የታተመው 2,000 ቅጂ ሲሆን ዋጋው 12 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ሰባተኛው በ1966 ወጣ፤ በዕቅዱ መሠረት ማለት ነው። ዛሬ የተሸጡት ቅጂዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በዚያ አገር 214ቱ ተራሮች በእሱ ስም ‘ዌይንራይቶች’ ይባላሉ፤ ሁሉንም ለመጨረስ ዓመታት የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ካብ ይፈርሳልና፣ መንገድም ይለወጣልና፣ ከ2005 እስከ 2009 ክሪስ ጄስቲ የተባለ ሰው መንገዶቹን ዳግም ሄዶ መጻሕፍቱን አርሟል። የዌይንራይት ገጾች ግን በቦታቸው ናቸው።

የሕዝብ መድረክ የሚወድ ሰው አልነበረም። ጉዞውን ለሌላው የሚያካፍለው በገጹ ነበር። በ1968 የፔናይን ተራሮችን ለሚያቋርጠው ረጅም መንገድ መሪ መጽሐፍ አወጣ፤ መንገዱን ለጨረሰ ሁሉ በመጨረሻዋ መንደር በኪርክ የተም ሆቴል አንድ ቢራ በእሱ ሒሳብ እንዲቀዳለት አደረገ። በ1973 ከምዕራቡ ባሕር ዳር ከሴንት ቢስ ተነሥቶ በምሥራቁ ሮቢን ሁድስ ቤይ የሚያበቃ 190 ማይል ያህል የሚሆን መንገድ ቀየሰ። በ1980ዎቹ ቢቢሲ ከኤሪክ ሮብሰን ጋር ተራራ ላይ ቀረጸው። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ሽማግሌው ባጭሩ ይመልስና ወደ ተራራው ዞር ብሎ ዝም ይላል። ተመልካቹም ወደሚያይበት አብሮት ያያል።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ የተከፈለበትን ዋጋ መርሳት አይገባም። ማታው ለገጽ፣ ሰንበቱ ለተራራ ሲሆን ለቤት የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። የመጀመሪያ ትዳሩ ደስታ የራቀው ነበር፤ በመጨረሻም ፈረሰ። በ1970 ያገባት ቤቲ የመንገዱም የእርጅናውም ጓደኛ ሆነች። ከመጻሕፍቱ የመጣው ገንዘብ ወደ ምቾት አልሄደም፤ ብዙው ኬንዳል አጠገብ ባለቤት ለሌላቸው እንስሳት መጠለያ ዋለ።

እግሬ ሲደክም አያቸዋለሁ ብሎ ነበር ገጾቹን የጀመራቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የከዳው ዓይኑ ነው። ብርሃኑ እየደከመ ሄዶ፣ በዚያ ሁሉ ማታ ያሰመራቸውን ቀጫጭን መስመሮች መለየት ተሳነው። ለራሱ እርጅና ያስቀመጠው ስንቅ ለሌሎች ተረፈ። እኔ ዛሬ አጉሊ መነጽር ይዤ የማየው ያንን ስንቅ ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠቀምበት ለእኔ የደረሰ።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1991 ዐረፈ። የአገሩ ከፍተኛ ተራራ ስኮፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው። እሱ አብልጦ የወደደው ግን 597 ሜትር ብቻ የሆነውን ሄይስታክስን ነበር። እንደ ምኞቱም ቤቲ አመዱን እዚያ፣ ስሙ ራሱ ‘ስም የለሽ’ የሚል ትርጉም ባለው ኩሬ ዳር በተነችው። ከተራራው ግርጌ ወዲያ፣ በተርሚር በምትባል መንደር፣ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። በአንዱ መስኮቷ ደፍ ላይ ለእሱ መታሰቢያ የተጻፈበት ድንጋይ ተቀምጧል። ጽሑፉን አንብቦ ቀና የሚል ሰው በመስታወቱ በኩል ሄይስታክስን ያያል።